ከመቶ ላይ የጠፋችው አምስት

የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሽማግሌ ደረጃውን እየዘለሉ ሲወርዱ፣ ወደ ላይ ከምትወጣው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ጋር ለጥቂት ተረፉ እንጂ ሊላተሙ ነበር። መሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ነጠላ ሰረዝ» ይላቸዋል። በሰው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች ምሳ አይበላላቸውም።

«እግዜር ነው የጣለሽ ልጄ!» አሉ እያለከለኩ። «ጽሑፌ አልቀመጥ አለኝ። ‹ዲስኩ ሞልቷል› ይለኛል። የመጨረሻዎቹን ፊደላት እርማት ጠዋቱን ሙሉ ስሠራ ነው ያረፈድኩት። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ካልደረሰው ተራችንን ለሌላ ይሰጣል።»

«መስኮቱን ዘግተውታል እንዴ ጋሼ?»

«የቢሮዬን? ክፍት ነው፤ ምን አገባው?»

«ጽሑፉን የከፈቱበትን ማለቴ ነው።»

«እሱንማ እንዴት ብዬ!»

«እንኳን አልዘጉት! ቢዘጉት ኖሮ የጠዋቱ ሥራ አልቆለት ነበር» አለችና ወደ ክፍሏ ይዛቸው ገባች።

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ የሚጽፈው በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ልጅቷ ለየሰዉ የቦታ ልክ፣ ማለትም ኮታ፣ ይመደብ ብላ ስትለምን ከርማለች። ይህን ሐሳብ በስብሰባ ላይ አፈር ድሜ ያስጋጡት ራሳቸው ጋሽ ነጠላ ሰረዝ ነበሩ። «ለሐሳብ ልክ አይወጣለትም!» ብለው ተጨብጭቦላቸዋል።

አሁን ግን መነጽራቸውን አጥልቀው ልጅቷ ያወጣችውን ሠንጠረዥ ያዩ ጀመር።

«ቆይ፣ ቆይ። ጠቅላላው መቶ ነው እንበል። የተያዘው?»

«ዘጠና አምስት።»

«ነፃው?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ!» ጠረጴዛውን መቱት። «አምስቷን ማን በላት? አንቺ ነሽ! ለራስሽ ደብቀሽ እኛን ቦታ የለም ትይናለሽ።»

ልጅቷ ሳቀች። «መጠባበቂያ ትባላለች ጋሼ። ሠራተኛ አይጽፍባትም፤ እኔም ፊልም አላስቀምጥባትም። ሁሉም ሲሞላ ማሽኑ የሚተነፍስባት፣ እኔም ገብቼ የማስተካክልባት ናት። እሷንም አከፋፍለናት ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ደርቆ፣ የእርስዎም ጽሑፍ አብሮ ይሄድ ነበር።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ሠንጠረዡ መለሱ።

«እሺ፤ ዘጠና አምስቱንስ ማን ሞላው? ያ የመሥሪያ ቤታችን ፎቶ አንሺ መሆን አለበት።»

ልጅቷ ማን ምን ያህል እንደያዘ ማሽኑን ጠየቀችው። ከሁሉ በላይ የወጣው የእሳቸው ስም ነበር፤ ብቻቸውን ስልሳውን ይዘዋል። ማኅደራቸው ሲከፈት ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ የታረመ›፣ ‹ይኸኛው የመጨረሻ›፣ ‹እውነተኛው የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ በቃ› እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ ለማስረጃ ያነሷቸውን የአሮጌ መጻሕፍት ገጾች ፎቶ እንዳለ ተሸክሟል።

«ጉድ ፈላ!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሰው አንድ ቃል ሁለቴ ጻፈ ብዬ የምቆጣው እኔ!»

«ማንም ክፉ አስቦ አይሞላውም ጋሼ። ኮታም በር መዝጊያ አይደለም። ልክዎን ሲያልፉ መጀመሪያ ያስጠነቅቅዎታል፤ የሚያጸዱበት ቀንም ይሰጥዎታል። ምን ያህል እንደቀረዎት ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ያያሉ።»

«ታዲያ እኔና አንዲት ደብዳቤ የምትጽፈው ጸሐፊ እኩል ሊመደብልን ነው?»

«ማን እኩል አለ? እንደየሥራው ነው። ካነሰዎት ይነግሩኛል፣ እጨምራለሁ።»

ይህን እያወሩ እጇ አላረፈም፤ የቆዩትን ቅጂዎች አንድም ሳታጠፋ ወደ ሌላ ማከማቻ አዛወረቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሽማግሌው ቢሮ ወጡ። ጋሽ ነጠላ ሰረዝ ‹አስቀምጥ› የሚለውን ተጫኑ። ጽሑፉ ተቀመጠ፤ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ተመስገን! ነፍሴ መለስ አለች። ተባረኪ ልጄ።»

ለማተሚያ ቤቱ ከመላካቸው በፊት ግን የ‹መ› ፊደልን ክፍል ከፍተው አንድ ቃል ነካኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኮታው ይጽደቅ ብለው ቀድመው የተነሡት እሳቸው ናቸው። ፎቶ አንሺው «ለሐሳብ ልክ አይወጣለትም ብለው አልነበር?» ቢላቸው፣ «ለሐሳብማ አይወጣለትም፤ ለ‹የመጨረሻ በቃ› ግን ይውጣለት!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ቦታውን እያየ ያጸዳል፤ በአንዱ ቅጂ ብዛት የሌላው ጽሑፍ መንገድ ላይ አይቀርም። ልጅቷም ከተደበቀች አምስት የተነሣ ዳግም ሌባ ተብላ አታውቅም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያው ቅጂ የደረሰው ለእሷ ነው። ‹መጠባበቂያ› የሚለውን ፈልጋ አገኘችው። በረቂቁ «ትርፍ ነገር» ይል የነበረው ፍቺ ተለውጦ «ለማንም ያልተሰጠ፣ ለሁሉም የሚደርስ» ይላል። ነጠላ ሰረዟም በቦታዋ ነበረች።