ስሙ የጠፋው አበባ

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሥነ ሕይወት መምህርት የሆነችው ፀሐይነሽ ተማሪዎቿን ይዛ ከከተማው ወጣ ወዳለ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ደን ስትሄድ፣ እኔም የጤና ባለሙያ ነኝና የመድኃኒት ዕፆቹን ለማየት አብሬ ተጓዝኩ። ሐሳባችን በደኑ ያለውን ዕፅ ሁሉ በየስሙ መመዝገብ ነበር። ከቅጥሩ በር ስንደርስ መሪጌታ አላምረው ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘናቸው። እኒህ ሽማግሌ በዚሁ ደብር ያደጉና በባህል መድኃኒት ዐዋቂነታቸው የተከበሩ ናቸው። የመጣንበትን ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«መድኃኒት ካወሩት ይረክሳል፣ ልጄ። ደግሞስ ዛሬ እናንተ ጽፋችሁ ስትሄዱ፣ ነገ ነጋዴ ሥሩን ሊምስ ይመጣል።»

«ሥጋትዎ ተገቢ ነው፣ መሪጌታ» አለች ፀሐይነሽ ዝቅ ብላ እጅ እየነሳች። «እኛ ግን ስሙን፣ የሚያብብበትንና የሚያፈራበትን ወር ብቻ ነው የምንጽፈው። ለየትኛው በሽታ እንደሚሆን አንጠይቅዎትም።»

«ስሙ ምን ይረባችኋል? ደኑን እንደሆነ ታቦቱ ይጠብቀዋል።»

«ከቅጥሩ ውጭ የነበረውንስ ማን ጠበቀው? በልጅነትዎ ደኑ እስከ የት ይደርስ ነበር?»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ቁልቁል የታረሰውን ተዳፋት አመለከቱ።

«እስከ ወንዙ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እከተላት ነበር። ከጥዱ ሥር ነጭ አበባ ያለው ሐረግ ነበረ። ለዘመን መለወጫ ቀጥፋ ጠጉሯ ላይ ትሰካው ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ያን ይሸታል። እሷ ካረፈች ወዲህ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር በገደሉ አፋፍ እየዞርኩ እፈልገዋለሁ። የለም።»

«ማን ይባላል?» ስትል ፀሐይነሽ ጠየቀች።

ሽማግሌው ሊናገሩ ጀምረው ቆሙ።

«እሷ በስሙ ትጠራው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ድምጿ ዛሬም ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን ጠፋኝ።»

ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ይታያል፣ ሰውም ያዝናል፤ ስም ሲጠፋ ግን ጉቶ እንኳ አይቀርም።

«ልመናችን» አለች ፀሐይነሽ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እነዚህ ልጆች በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ፈልገው እንዳያጡ ነው።»

«እንግዲያው ግቡ» አሉ። «ቅርንጫፍ እንዳትሰብሩ ብቻ።»

እስከ ቀትር ድረስ እየመሩን ወይራውን፣ ብሳናውን፣ ዝግባውን፣ ቀጋውን በየስሙ ጠሩልን፤ ተማሪዎቹም እየጻፉ በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ያን ነጭ አበባም መሪጌታ እንደነገሩን መልኩንና ሽታውን ጽፈን፣ የስሙን ቦታ ባዶ ተውነው።

የመመዝገብ ጥቅሙ ከዚያ ወዲያ ታየ። ዝግባው ጥቂት ብቻ እንደቀረ ስለታወቀ ዘሩ በወቅቱ ተለቀመ፤ ችግኙም ፈልቶ በክረምት ከቅጥሩ ውጭ በተራቆተው ዳገት ላይ ተተከለ። የተመዘገበ ደን እንዲህ ይሰፋል፤ ወጣቱም የሚያውቀውን ለመቁረጥ እጁ ያመነታል።

መሪጌታ ግን አበባቸውን ገና አላገኙም። ያን ቅዳሜ የዕፅ ስም ሊነግሩን የከበዳቸው ሰው፣ ዛሬ ከወገዳም ሆነ ከአርብ ገበያ ከተማ የመጣን እንግዳ ሁሉ እያስቆሙ ስለዚያ ሐረግ ያወሩለታል።

«ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ይኖር ይሆናል» ይላሉ። «እሱም እኔ ላደርግ እንደነበረው የሚያውቀውን ይዞ ዝም ብሎ እንዳይሞት ነው የምለፋው።»