ጆሮው ወደ መንገድ የዞረው ቆዳ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ነጅሚያ ሬድዋን
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ቆዳ ማልፋት
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ወደ ገሳይ መውጫ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በነጂብ ሬድዋን ላይ የደረሰ ከባድ የአካል ጉዳት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሙላቴ ታረቀኝ

ስሜ ከላይ የተጻፈው እኔ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር፣ በከተማው የሚወራውን እንድተው ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጎጂው ነጂብ የእናቴም የአባቴም ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በሥራ ቤታችን ደጃፍ፣ የገሳይ አካባቢ ገበሬ የሆነው ሞላ ማሩ በገዛ መፋቂያችን መንጋጋውን ሰብሮታል። መፋቂያ የምንለው ከቆዳ ላይ ሥጋና ጸጉር የምንፍቅበት፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ስለት ነው። ወንድሜ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። መናገር አይችልም፤ ወደፊት ይችል እንደሆነም አላውቅም። እሱ አፉ ታስሮ ተኝቶ ሳለ ከተማው ሌባ ብሎታል። ቃሌን ልሰጥ የመጣሁት ለዚህ ነው።

እኔና ነጂብ የምናለፋው እዚሁ ከሚረቡ ከብቶች የሚገኝ ቆዳ ብቻ ነው፤ ከገሳይ፣ ከእብናት፣ ከይፋግ የሚመጣ። የምናለፋውም በግራር ቅርፊትና በእንቧይ ነው፤ ወንዝ የሚያበላሽ ኬሚካል ቤታችን አይገባም። ቆዳ ገዢ አጥቶ በየአጥሩ ሥር ውሻ ሲጎትተው ከገበሬው እጅ የተቀበልነው እኛ ነን። አንድ ደንብ አለን። የበሬ ቆዳ ከነጆሮው መምጣት አለበት። ገበሬው ከብቱን ለመለየት ጆሮው ላይ በስለት የሚያወጣው ምልክት አለ፤ የሞላ ምልክት ጫፉ ላይ ሁለት ቁርጥ፣ ከሥሩ አንድ ቀዳዳ ነው። ቆዳው ከማን ቤት እንደወጣ የምናውቀው በዚያ ነው። ከባሕር ዳር የሚመጡት ቦርሳ ሠሪዎችም ያንን አይተው ይገዛሉ። የለፋውን ቆዳ ደጃፍ ላይ ስንሰቅል ጆሮውን ወደ መንገድ እናዞረዋለን። ገበያ የሚወርድ ገበሬ የራሱን ምልክት ሲያይ ቆሞ ይስቃል፣ አብሮት ላለው ሰው ያሳያል። ነጂብ ከሥራው ሁሉ ይህን ይወድ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር አንድ ረፋድ ላይ ዘውዱ አዳነ የአንድ ቀይ በሬ ቆዳ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በአህያ ጭኖ መጣ። ዘውዱ የሞላ ሚስት ወንድም ሲሆን የሚኖረውም እነሞላ ግቢ ነው። እኔ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ቅርፊት እወቅጥ ነበር። የግድግዳው ጭቃ ስለረገፈ በክፍተቱ ፊቱን አየሁ፣ ንግግሩንም ሰማሁ፤ እሱ ግን አላየኝም። "በሬው ገደል ገባ፤ አያ ሞላ ነው የላከኝ" አለ። ቀጥሎም "ይችን ጆሮ ቆርጠህ ጣላት፣ ምን ትሠራልሃለች" አለው። ነጂብ ስቆ "ጆሮ የሌለው እኛ ቤት አይገባም" ብሎ ቆዳውን ተቀበለው። ምልክቱም ሰውየውም የአንድ ቤት ስለነበሩ አልጠረጠረም። ዘውዱ ከሄደ በኋላ ቆዳውን ዘርግቼ አየሁት። ገደል የገባ ከብት ቆዳ ይቧጨራል፣ ይተረተራል፤ ይህ ግን ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ለነጂብ ስነግረው "አንቺ ደግሞ ሰው ማመን አይሆንልሽም" ብሎ አሾፈብኝ። እውነቱን ነው፤ አይሆንልኝም።

የሞላ በሬ መሰረቁን ያን ጊዜ አልሰማንም። ሞላ ሌባው እንዳይጠነቀቅ ብሎ ነገሩን ከቤቱ ውጭ አላወራም ነበር። ይህንን የሰማሁት ከራሱ አፍ፣ ወንድሜን እየደበደበ ሲጮህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጂብ አልፍተን የጨረስነውን የዚያን በሬ ቆዳ አውጥቶ ደጃፍ ላይ ሰቀለው። ሌላ ቆዳ እያለ ለምን እሱን እንደመረጠ ጠየቅኩት። "ገበያ አይደል? አያ ሞላ ሲያልፍ አይቶ ደስ ይበለው" አለኝ። ጆሮውን በእጁ አቃንቶ ወደ መንገድ ያዞረው እሱ ራሱ ነው።

ሞላ ከዘውዱ ጋር ሲመጣ እኔ ከውስጥ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ቆዳው ፊት ቆሞ ጆሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ነጂብ ለሰላምታ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ወጣ። ሞላ እጁን ሳይጨብጥ "በሬዬን ማን አረደው?" አለ። ዘውዱ ከኋላው ሆኖ "ማን ይሆናል፤ በማን ደጃፍ ተሰቅሎ አገኘኸው?" አለ። ነጂብ ዘውዱን አየው። ነገሩ በዚያች ቅጽበት እንደገባው ከፊቱ ለየሁት። የዘውዱን ስም ቢጠራ ኖሮ ከዱላው ይድን ነበር፤ አልጠራም። ሞላ ዱላ ይዟል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ዘውዱ ደግሞ አጠገቡ ቆሟል። ነጂብ "አያ ሞላ፣ ይረጋጉ፤ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ለብቻዎ የምነግርዎ አለ" አለ። ሞላ "ከሌባ ጋር ምን ለብቻ አለኝ!" ብሎ ጉልበቱን በዱላ መታው።

ነጂብ በፊቱ ተደፋ። ሞላ ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ራሱን ሊከልልበት ያነሳውን ክንድ ደጋግሞ መታው። ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዱላውም ተሰበረ። ዘውዱ በጫማው ሆዱን ይረግጠው ነበር። ነጂብ እንደምንም ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት ዘውዱ "አፉን! አያ ሞላ፣ አፉን በለው!" እያለ ጮኸ። ሰው ሲደባደብ ራሱን በለው፣ እግሩን በለው ሲባል ሰምቻለሁ። አፉን በለው ሲባል ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ሞላ መፋቂያውን ቆዳ ከምንፍቅበት ግንድ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ሰነዘረው። የወንድሜ መንጋጋ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ጥርሱ መሬት ላይ ረገፈ፣ ደሙ በተሰቀለው ቆዳ ላይ ተረጨ።

ሞላ ለመድገም ሲያነሳ፣ ጸጉር የምናስለቅቅበትን የአመድ ውሃ በባልዲ ሙሉ ዓይኑ ላይ ደፋሁበት። ሰውየው ዓይኑን እንደታመመ ተነግሮኝ ምን እንደምል ተጠይቄያለሁ። እንዲያመው ነው የደፋሁበት። መፋቂያውን ጥሎ ፊቱን ሲይዝ ገበያተኛው ተረባርቦ ያዘው። ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሕይወት የምትባለው ጎረቤታችን ነጠላዋን የነጂብ መንጋጋ ላይ ጠምጥማ፣ በባጃጅ አብራን ሆስፒታል ደረሰች። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ፣ የበሬውን ቆዳ ያመጣው ማን እንደሆነ ለሰው ሁሉ ልጮህ ስል ነጂብ በደህናው እጁ አፌን ከደነው። ሆስፒታል እስክንደርስ እጁን አላነሳም።

ትናንት ለሞላ ልጆች ሰው ልልክ አስቤ ነበር። ወሬው ቢደርሳቸው ዘውዱ አጎታቸው መሆኑ አያድነውም። እንዲገድሉት ፈልጌያለሁ፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ሰው ከመላክ ያስቀረኝ አፌ ላይ ያረፈው የነጂብ እጅ ነው። ወንድሜ ዝም ብሎ የተመታው ደጃፋችን ላይ ሰው እንዳይታረድ ነው። እኔ ሄጄ ካሳረድኩት በከንቱ ተመታ ማለት ነው። ስለዚህ ወደዚህ መጣሁ። ደሙ ያለበትን ቆዳ ከነጆሮው አስረክቤያለሁ።

ዘውዱ ዛሬ ሌባው እንዴት እንደተያዘ ሊመሰክር ቀርቧል። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ከዚህ ክፍል በር ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ከሞላ ሁለት ልጆች መሃል ተቀምጧል። ልጆቹ ለታሰረው አባታቸው ምግብ ይዘው የመጡ ናቸው። ስገባ ዘውዱ ከወንበሩ ተነስቶ "እግዜር ይማርልሽ" ብሎኛል። ማንም ምንም ሳይሰማ እሱ ብቻውን ተጠርቶ እንዲገባና በሩ እንዲዘጋ አመልክቻለሁ።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። ቃሌ ሲነበብልኝ ድምፅ ከበሩ እንዳያልፍ ስለለመንኩ፣ ሳጅኑ ወንበራቸውን አስጠግተው በሹክሹክታ አንብበውልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ነጅሚያ ሬድዋን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ሙላቴ ታረቀኝ