የደሙ ምስክርነት

(በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ደጅ፣ ጠዋት፤ አማትና ምራት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከትናንት ወዲያ የተለካው የይታይሽ የእርግዝና ሆርሞን አሥራ ስምንት ነበር፤ የዛሬው ገና አልወጣም።)

አልጋነሽ፦ የሦስት ወር ፅንስ አሥራ ስምንት? ሐኪሙ ራሱ አልሳቀም?

ይታይሽ፦ አልሳቀም፣ እትዬ። «ገና ጀማሪ ነው» ነው ያለው።

አልጋነሽ፦ ኋላ ብቻዬን ገብቼ በሦስት ወሩ ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁታ! በአሥር ሺዎች ነው አለኝ። ሌላውን ማን በላው?

ይታይሽ፦ ሦስት ወር ያሉት እርስዎ ነዎት።

አልጋነሽ፦ ዓይኔ ነው ያለው! ከጥምቀት ወዲህ ማርያም ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ አይቼሻለሁ? ወሯ የመጣባት ሴት ውስጥ አትገባም።

ይታይሽ፦ በየሰንበቱስ ውስጥ ያዩኝ ነበር?

አልጋነሽ፦ አንዳንዴ «ቀድሜ አስቀድሻለሁ» ትይኛለሽ... ነገር አታዙሪ! ምን ጠጥተሽ አስወረድሽው?

ይታይሽ፦ ኧረ በማርያም!

አልጋነሽ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተናገሪ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ለልጄ ለአንዳርጌ እነግረዋለሁ። ልጁን ያስወረደች ሚስት ይዞ አይኖርም።

ይታይሽ፦ እሺ። የወር አበባዬ አልቀረም ነበር። በመጣ ቁጥር ሚካኤል እሄድና እዚያ ከውጭ እቆም ነበር።

አልጋነሽ፦ ወንዝ ተሻግረሽ? ምን ልሁን ብለሽ?

ይታይሽ፦ የሚያውቀኝ የለማ። ማርያም በር በቆምኩ ቁጥር እርስዎ ያለቅሳሉ። ሴቶቹ «አሁንም አልያዘላትም» ይባባላሉ። አራት ዓመት ሙሉ። ሰለቸኝ።

አልጋነሽ፦ እኔ ሞኟ ደግሞ ለአራስ ገንፎሽ ገብስ አስፈጭቻለሁ!

ይታይሽ፦ እያየሁ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው። ግን የዘገየብኝ የዚህ ወር ብቻ ነው፤ ያውም ጥቂት ቀን። ለጥቂት ቀን አሥራ ስምንት ያንሳል?

አልጋነሽ፦ ይህን ያህል ውሸት የቻለች ሴት ሌላውን ምን ያቅታታል?

ይታይሽ፦ እኔን ካላመኑ ደሙን ይመኑ። በሁለት ቀን ወደ እጥፍ ከተጠጋ እያደገ ነው። ከወረደ ፅንሱ አልጸናም ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በራሱ ነው የሚሆነው።

አልጋነሽ፦ ከጨመረ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከወረደ ግን «በራሱ» የሚባል ነገር አላውቅም። ያው ተጠራሽ፤ ሄደሽ አምጪው።

ይታይሽ፦ መጣሁ። (ሄዳ ወረቀቱን ይዛ ትመለሳለች።)

አልጋነሽ፦ እህሳ? ምን ይላል? አንብቢልኝ እንጂ!

ይታይሽ፦ ሰባት።