የሚሊሜትር መኪና

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማነው? … አንተ ነህ እንዴ! ቆይ፣ ቆይ አንዴ… እጄ ጓንት ውስጥ ነው፣ ላውድ ስፒከር ላይ ላድርግህ… አረፋ! አረፋ፣ ውሃውን ዝጋው እባክህ፣ ስልክ ላይ ነኝ! … አጣቢያችን ነው፣ ጎማ ካየ ራሱን ይረሳል። … ትሰማኛለህ? … እሺ፣ አሁን ተናገር።

— ደህና ነኝ። አንተስ? ባለቤትህ? … ልጆቹስ? … ይመስገን።

— አላለቀም። … አላለቀም አልኩህ እኮ። … አውቃለሁ የአባባ መኪና ገዢ ዛሬ እንደሚመጣ፤ ትናንትም ነግረኸኛል፣ ጠዋትም ነግረኸኛል። … ይጠብቃ! መኪና ፖሊሽ ማድረግ ሳህን ማለቅለቅ መሰለህ? ማሽኑን ቸኩዬ ብጫነው ቀለሙን ያቃጥለዋል። ያኔ ደግሞ «እህቴ አበላሸችው» ልትል ነው።

— ኮፈኑ አልቋል። ጣሪያው አልቋል። ግራ ጎኑም… ብታየው አባባ የገዙት ቀን ነው የሚመስለው። ያ ጥቁር ሰማያዊው፣ አመድ የነፉበት መስሎ የነበረው፣ አሁን ፊትህን ታይበታለህ። … አይ፣ አንተ እንኳ ባታይበት ይሻልሃል። … ምንም። ምንም አላልኩም።

— ያ ክብ ክብ የሚሠራው? ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው? እሱማ የአባባ የእጅ ሥራ ነው! … አዎ፣ በደረቅ ጨርቅ! በዚያች በተቀደደች ከናቴራቸው፣ አቧራው ሳይታጠብ፣ እንዲህ ዙሪያውን እያሹ። ስንት ዓመት ለመንኳቸው። አባባ፣ መጀመሪያ ውሃ ያፍሱበት፣ አቧራው አሸዋ አለው፣ ቀለሙን ይፍቀዋል ብዬ። ምን ይሉኛል? «አንቺ በማሽን፣ እኔ በእጄ፤ ሥራችን አንድ ነው።» … አዎ፣ እሳቸውን ማን ያሸንፋል።

— የሉም። ጎረቤት ፀጉር ቤት ናቸው፣ ጢማቸውን ሊላጩ። … ከመኪናው ጋር መጡ። … እኔ ነዳሁት፣ ሌላ ማን ይንዳው? እሳቸውማ ቁልፉን እንኳ አልነካም አሉ። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው… ምን አሉኝ መሰለህ? «ቀስ በይ ልጄ፣ ርቀት መገመት ከባድ ነው።» አባባ! ለእኔ! ያንን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው! ያንን የሚያህል አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ወደኋላ ሲያስገቡ ሰው ሥራ ፈትቶ ቆሞ የሚያያቸው ሰው! ጓደኞቻቸው ሚሊሜትር ብለው ስም ያወጡላቸው በከንቱ ነው?

— … አርጅተዋል ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪሙ አይቷቸው የለ? አዲስ መነጽር አድርገው የለ? ቀን ቀን ይንዱ ብሎ የለ? አብረን አይደል የሄድነው? … ከዚያ ወዲህ ገበያ አይሄዱም፣ ጓደኞቻቸው ጋ አይሄዱም፣ መኪናውን በሸራ ሸፍነው መስኮት ስር ቁጭ። አንተ እርጅና ትለዋለህ። … እ… አዎ። አዎ፣ የጭረቱ ነገር፤ መንዳት የተዉት ከእሱ ወዲህ ነው።

— እንዲያውም እስቲ ንገረኝ። … ድገምልኝ፣ ምናለበት። የቀኝ የኋላ በር ላይ ያለው ጭረት፣ እንዴት ነበር? … እሺ፣ ከገበያ ሲመለሱ። … የግቢው በር። … በዓይንህ አየህ? … በዓይንህ፣ በረንዳ ላይ ቆመህ። … ሲፋቅ ድምፁንም ሰማህ። … እሳቸው ግን አልሰሙም። … ሬዲዮ ከፍተው። እሺ። የግቢያችን በር ምን ዓይነት ቀለም ነው? … አይ፣ ዝም ብዬ ነው። … አረንጓዴ። አዎ፣ አረንጓዴ ነው፤ እኔና አንተ ነን የቀባነው።

— እሺ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ። … አይ፣ ትሰማኛለህ። ገዢው ይጠብቅ። … ይጠብቅ አልኩህ!

— ጠዋት መኪናውን አጠብነው። አረፋ በሳሙና ከላይ ወደ ታች እያለ እዚያ በር ላይ ሲደርስ ስፖንጁ ጠቆረ። … ጠቆረ። «እህትዬ፣ ይሄ መኪና ቀለሙን እየለቀቀ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ደንግጬ ሮጥኩ። አሸተትኩት። የምን የመኪና ቀለም! የጫማ ቀለም ነው። … የጫማ ቀለም! በቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ጥቁሩ! … ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … አለህ። ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— «ኔትወርክ» አትበለኝ! ጥርት ብለህ ነው የምትሰማኝ። ስትተነፍስ ሁሉ እሰማለሁ።

— ወንድም ጋሼ፣ እህትህ እኮ ሥራዋ ይሄ ነው! ቀኑን ሙሉ ጭረት ስታነሳ ነው የምትውለው! አንዴ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት? በጫማ ቀለም! በብሩሽ ነው የቀባኸው በጨርቅ? … አይ፣ እሱን ንገረኝ፣ ለሙያዬ ይጠቅመኛል!

— አይ፣ አይ፣ አይ። አባባ አልቀቡትም። አባባ የቆዳ ጫማ ማድረግ ካቆሙ ቆይተዋል፣ እግራቸውን ያማቸዋል፤ በዚያ ቤት ሸራ ጫማ እንጂ ሌላ የለም። ከቤተሰባችን ጥቁር ጫማውን እንደ መስታወት አብርቶ ቢሮ የሚገባ አንድ ሰው ነው ያለው። እኔ ደግሞ በቦቲ ነው የምውለው።

— ገና ነኝ። የጫማው ቀለም ሲለቅ ከሥሩ ምን ብቅ አለ? ገምት። … አረንጓዴ ቢሆንማ ዝም ብዬ ማሽኔን አነሳ ነበር። ቢጫ ነው። ቢጫ! ጨርቄ ላይ አለ፣ አላጠብኩትም። … ቢጫ ነገር የት ነው ያለው? እኔ ልንገርህ? አንተ ፎቅ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ምሰሶ። … ከየት አወቅሽ ትለኛለህ ደግሞ! ከራስህ መኪና ላይ ያንን ቢጫ ስንት ጊዜ ነው በእነዚህ እጆቼ ያነሳሁልህ?

— እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያንተ በሳሙና ጠራ።

— … ምን? … ድምፅህን አታጥፋ፣ ጮክ በል። … እህ። … መኪናህ ጋራዥ ገብታ። … የአባባን ተውሰህ። … ቸኩለህ ስትታጠፍ። … እህ። … እና ልትነግራቸው ነበር። መቼ? መኪናው ከተሸጠ በኋላ?

— … ዛሬ አልደርስም በለው! … ነገ ይምጣ! … አይ፣ አንተን አይደለም፣ ደንበኛ ነው። ቀጥል።

— … እሳቸው ናቸው ቀድመው የጠየቁህ? ምን ብለው? … «እኔ ነኝ እንዴ የጫርኩት?» አሉህ። … እና አንተ? … «ይሆናል» አልክ። ይሆናል! … እንግዲህ የግቢው በር፣ በረንዳው፣ ድምፁ፣ ሬዲዮው… ሁሉም በኋላ የመጣ ነው በለኛ! በአንዲት «ይሆናል» መሠረት ጣልክና ቤት ሠራህበት።

— … እንደምትሰጋ አውቃለሁ። እኔስ አልሰጋም? እኔስ ልጃቸው አይደለሁም? ሰግተህ ከሆነ «አባባ፣ ሰጋሁ» በላቸው። ይቆጡሃል፣ ያኮርፉሃል፣ ከዚያ ያስቡበታል። ሰው ናቸው እኮ። የገዛ ዓይናቸውን እንዲጠራጠሩ ማድረግ ግን ስጋት አይደለም። እኔ ስሙን አልጠራውም፣ አንተ ታውቀዋለህ።

— አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ትጮሃለህ። … ያ የሸረሪት ድር የመሰለው መኪናው ላይ ሁሉ አለ። እዚያ በር ላይ፣ ጭረቱ ዙሪያ ግን፣ ከሁሉም ይብሳል። መብራት ሳበራበት ቀለሙ ደክሞ ነጭ ሆኗል። ግራ ገባኝና አባባን ጠየቅኳቸው። «ጠዋት ጠዋት አሸው ነበር፤ ምናልባት ይለቅልኝ እንደሆነ ብዬ» አሉኝ። … በዚያችው ከናቴራ። … እንዴት ይለቃል? የጫማ ቀለም በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ያበራል እንጂ ይለቃል? አባባ የአንተን ጫማ ሲወለውሉ ነው የከረሙት! … አሁን ተናገር!

— … እኔማ አለቀስኩ። ማሽኑን አጥፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

— ጭረቱን አላነሳልህም። … አላደርገውም! … ይወጣል፣ ለምን አይወጣም? ጥፍሬን አሳለፍኩበት፣ አልያዘውም። ጥፍር ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፣ ማሽን ያነሳዋል። ጥፍር ከያዘው ግን ዘልቋል፣ ምን ቢያሹት አይነሳም። የምሰሶህ ጭረት ጥፍር አይይዝም። አባባ ላይ የጫርከው ግን ይይዛል። ለእሱ ማሽን የለኝም።

— ስማ፣ ስማኝ። ሌላውን ሁሉ እጨርሰዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። ያንን ጭረት ግን ዙሪያውን በፕላስተር ከልዬ ከነቢጫው እተወዋለሁ። … ገዢው ይየዋ! … ይሂድ! መኪናው የማን ነው? … ተስማምተዋል ትላለህ? የተስማሙት «ዓይኔ ከዳኝ» ብለው ነው። ዓይናቸው መች ከዳቸው? የከዳቸውማ ሌላ ነው።

— … ታላቅነትህን አሁን አመጣኸው? … ምን አልክ? … ድገመው። … «አንቺ ወልዋይ ነሽ፣ የታዘዝሽውን ወልውዪ»? አዎ፣ ወልዋይ ነኝ! ወልዋይ ነኝ፣ ጭረት አነሳለሁ፤ ቀብቼ አልሸፍንም። ወልዋይ ስትለኝ የምሸማቀቅ መሰለህ? በራፌ ላይ በትልቁ አጽፈዋለሁ!

— … እኔ አልነግራቸውም። አንተ ነህ የምትነግራቸው። … ዛሬ። … በስልክ ይሁን በአካል እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። «ይሆናል» ያለው አፍህ «አይደለም» ይበል፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። … ሞቼ ነው ቆሜ ይህ መኪና እንዲህ ተብሎ የሚሸጠው! … አልጮህም! እየጮህኩ አይደለም!

— … ቆይ። አንዴ ቆይ… አባባ? … አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆሙት? … ይቀመጡ። አረፋ፣ ወንበር! … አይ፣ አባባ… ስልኩ ላውድ ላይ ነበር፣ እኔም ረስቼው…

— ወንድሜ፣ እዚህ ናቸው። … አዎ፣ በሩ ላይ። ፎጣው አንገታቸው ላይ ነው፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ የሳሙና አረፋ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ከኋላቸው ቆሟል። ጩኸቴ እዚያ ድረስ ተሰምቶ ነው። … እኔ እንጃ ምን ያህሉን እንደሰሙ። … አባባ፣ ከየት ጀምሮ ነው የሰሙት? … ከምሰሶው ጀምሮ ነው የሚሉት። … አዎ። ሁሉን ሰምተዋል በቃ።

— ተናገር። ይሰሙሃል። … ተናገር እንጂ! … … … አዎ። … … እሺ። … በቃ፣ «እርስዎ አይደሉም» ስትል ሰምተዋል። … በቃ፣ አታልቅስ።

— ጨርቄን አንስተው ቢጫውን እያዩ ነው። … መነጽራቸውን አወለቁ። … እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ እያዩት ነው። … መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ… እየሳቁ ነው። … እውነቴን ነው፣ እየሳቁ ነው! «በጫማ ቀለም?» ይላሉ። … አዎ አባባ፣ በጫማ ቀለም፣ ያውም በጥቁር! … ኧረ አረፋም እየሳቀብህ ነው።

— … አባባ፣ ወዴት ነው? … አልጨረስኩም እኮ፣ ገና ሰም አልቀባሁትም! … ቁልፉ? ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ… አባባ፣ ጢምዎን እንኳ… አረፋ፣ ባልዲውን አንሳ! የማሽኑን ገመድ ከጎማው ሥር ሳበው!

— ሄሎ? አለህ? … ሰማህ? … ሞተሩ ነው። … እሳቸው ናቸዋ፣ ሌላ ማን ሊሆን! ወደኋላ እያወጡት ነው። ይሄን የእኛን በር ታውቀዋለህ አይደል? እኔ እንኳ ሰው ካላየልኝ አላወጣም። አረፋ ላሳይዎት ብሎ እጁን አነሳ፤ ዞረው አላዩትም። ስፖኪዮውን ብቻ… ቀስ… ቀስ… … ወጡ። … ወጡ! በሁለቱም ጎን ጨርቅ የማያሳልፍ ነበር! ሚሊሜትር!

— … ወዳንተ ነዋ የሚመጡት። … ምን እንደሚሉህ እኔ እንጃ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ምን አሉኝ መሰለህ? «ገዢውን ይሸኘው። እኔ ያንን ምሰሶ ልየው።» … አዎ፣ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ። … በል ውረድና መታጠፊያው ላይ ጠብቃቸው። እዚያው ምሰሶው አጠገብ ቁም። … አይዞህ፣ እሳቸው አይነኩትም። ቻው።