ቲቸር አንድ መስመር እና የማይለቀው ማርከር

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ የታላቅ እህቴን የሕይወት ጉዞ እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝና ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው እኛን ታናናሾቻቸውን ግድግዳ ሥር ደርድረው በከሰል እየጻፉ ያስተምሩን ነበር፤ ላልመለሰ ኩርኩም እንደነበረውም አናቴ ምስክር ነው። የመምህራን ማሠልጠኛን በማዕረግ አጠናቀው የሒሳብ መምህርት ሆኑ፤ በዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋርም ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በክፍላቸው አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። የተሳሳተ ተማሪ በስህተቱ ላይ አንድ መስመር አስምሮ ትክክሉን አጠገቡ ይጽፋል እንጂ ማጥፋት አይፈቀድለትም፤ ላጲስ የተገኘበት ወዮለት። ስለዚህም ተማሪዎቻቸው «ቲቸር አንድ መስመር» ይሏቸው ነበር።

የሰውን ስህተት እንዲህ የታገሡት እህቴ የራሳቸውን ግን አልቻሉትም። የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በየክፍሉ በተሰቀለ ጊዜ ፍርሃት ገባቸው። በሥልጠናው ላይ ራሳቸውን እየነቀነቁ የገባቸው መሰሉ፤ ክፍል ሲገቡ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱን በስውር ነቅለው «ዛሬም አልሠራ አለ» እያሉ በአሮጌው ሰሌዳ ያስተምሩ ጀመር። የጥገና ባለሙያው እየተመላለሰ ሰሌዳው ደህና መሆኑን ስላረጋገጠ ርእሰ መምህሩ ነቁባቸው፤ በአዲሱ ሰሌዳ ማስተማር ካልቻሉ ከክፍል ወጥተው ንብረት ክፍል እንደሚመደቡ ነግረው የፈተና ቀን ቆረጡላቸው። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አላቸው። ልጃቸው ላለማምድዎት ብላ ብትለምናቸው፣ በልጃቸው ፊት መሳሳትን እንደ ውርደት ቆጥረው እምቢ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ርእሰ መምህሩና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀመጡ። ሰሌዳው በራ፤ ጥያቄውም ወጣ፤ ነገር ግን የእህቴ እጅ የኖረበትን ልማድ አልተወምና፣ ለካርቶን መጻፊያ የያዙትን የማይለቅ ማርከር ከኪሳቸው አውጥተው በሚያበራው መስታወት ላይ ሙሉውን ስሌት ጻፉበት። በመዳፋቸው ቢጠርጉት፣ በእጅጌያቸው ቢፈገፍጉት፣ ወይ ፍንክች። ተቆጣጣሪው መጻፍ ጀመሩ። እህቴ ወደ በሩ ተመለከቱ። ይህን ጊዜ ከተማሪዎቹ መካከል «ቲቸር፣ ማጥፋት ክልክል ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እህቴ ቆም አሉ። ከዚያም በዚያው ማርከር በጻፉት ላይ አንድ መስመር አሰመሩና፣ አጠገቡ ሰሌዳውን በጣታቸው እየነኩ ስሌቱን እንደገና ጀምረው እስከ መጨረሻው አደረሱት። ርእሰ መምህሩ ስለ መስታወቱ ደማቸው ቢፈላም ከክፍል አላስወጧቸውም። እሳቸውም ገመድ መንቀል ትተው፣ ቤት ገብተው ልጃቸውን «እስቲ ነይ አሳዪኝ» አሉ። ኋላ ሌሎች መምህራንን ሲያሠለጥኑ ትምህርቱን የሚጀምሩት ያንን የተበላሸ መስታወት በማሳየት ነበር።

የልብ ሕመም አልጋ ላይ ከጣላቸው በኋላም ትራስ ተደግፈው በስልካቸው ያስተምሩ ነበር፤ እጃቸው ዝሎ ሲሳሳቱም ያው መስመራቸውን ያሰምሩ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና ዛሬ ይህን ግቢ የሞሉትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ጥፋት ቢያገኝባቸውም አንድ መስመር አስምሮበት ትክክሉን አጠገቡ ይጻፍላቸው።