ዋኖሶቹ የሚወዱት ሜዳ

የኔን እልልታ የማያውቅ የለም፤ ሠርግ ቤት ከበሮ ያስረሳል። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት በመጣን በዓመቱ ግን ለዋኖስ ብዬ አወጣሁት። አብራኝ ከምትሠራው ከወርቄ ጋር ከፋብሪካ ስንመለስ፣ የታጨደው የሱፍ እርሻ ዳር አንድ ሰውዬ ጠመንጃ ታቅፎ ከገለባ ክምር ጀርባ ተቀምጧል። ዋኖሱ ሜዳውን አልብሶታል።

«ምነው ሌላውን እርሻ ትተው እዚህ ይሰፍራሉ?» አልኩት በተሰባበረች ዕብራይስጤ።

ሰውዬው ተጫዋች ነው። ማጨጃው ፍሬ አራግፎ ሄዷል፣ ዋኖስ እንደ ዶሮ ጭሮ ስለማይበላ ፍሬው ራቁት መሬት ላይ ሲገኝለት ይወዳል አለኝ። «ደግሞ ሣር ስለሌለ ዙሪያውን ያያል። የሚያስፈራ ካላየ ይወርዳል» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሳቄ መሃል ላይ ቀረ። አገር ቤት ሳለን ወንድሜን ለጦር ግንባር ያፈሱት በገበያ ቀን ነው። ኮረብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል አይቶ፣ «ወታደር የለም፣ እህል ሸምቼ እመጣለሁ» ብሎኝ ወረደ። ወታደሮቹ ከእህል ተራው ጀርባ አድፍጠው ነበር። አልተመለሰም።

ያን ጊዜ እልልታዬን ለቀቅሁት። ዋኖሱ ግር ብሎ ተነሣ፤ ሰውዬው «አብደሻል?» እያለ ጮኸብኝ። ወርቄ ጎትታ ወሰደችኝ፤ እኔ እየፎከርኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ስናልፍ ዋኖሶቹ እዚያው ሜዳ ላይ ሰፍረዋል። ሰውዬውም እዚያው ነው። እልል ልል አፌን ብከፍት፣ የትናንቱ እልልታ ድምፄን ዘግቶታል።

«ትናንት አባረርኳቸው እኮ» አልኳት ወርቄን በሹክሹክታ።

«ታዲያ ሲርባቸው የት ይሂዱ?» አለችኝ። ቤት ሳንደርስ ተኩሱን ሰማነው።