በጥቅስ ምልክት ውስጥ የቀረችው አክስት

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ሩዙ ሳያሸት ተኛ፤ የተኛውም በሰበሰ። ድልድዩን ወንዙ ወሰደው። የአውቶቡሱ ሾፌር መንገደኛውን ከወንዙ ማዶ እያራገፈ ይመለስ ጀመር። ሁለት አዛውንቶች በሳል ሞቱ፤ መቃብር የሚቆፈርበት ደረቅ ቀን ጠፍቶ ሬሳቸው ቆየ። በመጨረሻ ከሙልጎል መንደር በስተጀርባ ያለው ኮረብታ ተናደና ሦስት መቃብሮችን ይዞ ወረደ።

ሁለቱን ወራሾቻቸው አነሷቸው። አንዱ ቀረ። የአውራጃው ሰዎች መጥተው በቢጫ ሸራ ሸፈኑት፤ ማስታወቂያም ተከሉበት። እስከ መኸሩ በዓል እስከ ቹሶክ ወራሽ ካልቀረበ አጥንቱ ተወስዶ ይቃጠላል፣ አመዱም ስም ከሌላቸው ጋር ይደባለቃል ይላል።

ዳሶል ለበዓሉ ከከተማ ስትመጣ፣ ማዶ ከአውቶቡስ ወርዳ ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ፣ ሽማግሌውን ኦክ ሱንግሙን ከዚያ ሸራ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። የአያቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እንደ አገሩ ልማድ «ትንሹ አያቴ» ትላቸዋለች። ዝናቡ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። ጃንጥላቸውን ዘርግተው የያዙት ከሸራው በላይ ነበር።

«ትንሹ አያቴ፣ ጃንጥላውን ለማን ነው የያዙት?»

«ለሶልጎሏ አክስቴ» አሉ፤ ዞር ብለውም አላዩዋት።

የሶልጎሏ አክስት የአባታቸው ታላቅ ወንድም ሚስት ነበረች። ከሶልጎል መንደር ተድራ ስለመጣች መንደሩ የሚጠራት በዚያ ነው፤ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ልጅም አልነበራትም።

ዳሶል ለምን እንደማያነሷት ጠየቀች። ሽማግሌው ሥርዓቱን አስረዷት፦ የመቃብርን አፈር መጀመሪያ የሚነካው ወራሽ ነው፤ ወራሽ ያልሆነ ሰው አጥንት ቢያነሳ ሟችን ወደማያውቁት ቤት እንደማስገባት ይቆጠራል። አውራጃውም ቢሆን የጎሳውን ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማረጋገጫውን ደግሞ የሚሰጠው እሳቸው ራሳቸው የጻፉት ፕሮግራም ነው።

«ጠየቅሁት» አሉ። «የለም አለ።»

ሽማግሌው በአውራጃው የውሃ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ የኦክን ጎሳ የዘር ሐረግ፣ ሰው ሁሉ ነጥብ፣ ዝምድና ሁሉ ክር በሆነበት ዳታቤዝ ውስጥ በጎሳው ወጣቶች እጅ አስገቡት። ፕሮግራማቸው ክሩን እየተከተለ የማን መታሰቢያ ነገ እንደሚውል፣ ማዕዱንም ማን እንደሚያዘጋጅ ይናገራል። መንደሩ ያምነዋል። ካመነው በኋላ ራሱ ማስታወሱን ትቷል።

ዳሶልም በዴጆን ከተማ ፕሮግራም መጻፍ ነው ሥራዋ። ጥያቄውን በዓይኗ ለማየት ፈለገች፤ አብረው ወረዱ።

ጊዜው እኩለ ቀን ቢሆንም ጉሙ የጽሕፈት ቤቱን መስኮት ሸፍኖት ነበር። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ኮምፒውተሩን ከፈቱ፣ ጥያቄውንም አስነሱት። መልሱ ወዲያው መጣ። የለም።

በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ የናስ ማንኪያ ሳህን ሲፍቅ ተሰማ። ቀስ ያለ ነው። ባዶ ሳህን መሆኑ ያስታውቃል።

«ሰው አለ እንዴ?» አለች ዳሶል።

«የለም።»

ፕሮግራሙ የተናገረውን ቃል ነበር የተናገሩት። ዳሶል ተነስታ ወጥ ቤቱን ከፍታ አየች። ሳህኖቹ እንደተደፉ ናቸው፤ አቧራ ለብሰዋል። ተመልሳ ተቀመጠች።

የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ሽማግሌው ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ ሁሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ አስረውታል። ፕሮግራሙ አንድ ቋንቋ ነው፤ በጥቅሱ ውስጥ ያለው ሌላ።

«ሁሉንም በጥቅስ ውስጥ ነው የሚጽፉት?»

«ታዲያ የት ልጻፈው? ፕሮግራሙ ባለቤት ነው፣ ጥያቄው እንግዳ። ለእንግዳ የራሱን ክፍል ትሰጪውና በሩን ትዘጊለታለሽ። ጨዋነት ነው።»

«በሩ ከተዘጋ እንግዳው ውስጥ ቢታመም ማን ያየዋል?»

ዳሶል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። ኮምፓይለሩ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለማሽኑ የሚተረጉመው መሣሪያ፣ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ጽሑፉን ሁሉ ይመረምራል፤ የጥቅስ ምልክት ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምልክቱ ሲዘጋ ይገልጣል። በመካከል ያለው ትክክል ይሁን ስሕተት አያገባውም። ስለዚህ እሷ በምትሠራበት ቦታ ጥያቄውን በጥቅስ ማሰር ትተዋል። የዳታቤዙን ቋንቋ በፕሮግራሙ ቋንቋ ውስጥ ይተክሉታል። አባት፣ እናት፣ ሚስት የሚሉት ክሮች የፕሮግራሙ የራሱ ቃላት ይሆናሉ፤ የሌለ ክር የጠራ ሰው አያልፍም።

«እናንተ ልጆች ሥራ ስትፈቱ አዲስ ቋንቋ ታመጣላችሁ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ስጀምር ለኮምፒውተሩ ካርድ እየበሳን ነበር። አሁን ዳታቤዙ ላይ ነገር በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙ እንቢ ሊለኝ ነው? እንቢታ የጎደለብኝ መሰለሽ? ከሚስቴ ጋር የኖርኩት ዕድሜ አይበቃም?»

«እንቢ የሚልዎት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያርሙታል። አሁን ግን ዝም እያለዎት ነው። ዝምታው የሚወድቀው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው።»

ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። በጥቅስ ውስጥ ያለውን ጥያቄ እንዳለ ገልብጠው፣ በዳታቤዙ በራሱ መስኮት ለብቻው ሊሞክሩት እንደሚችሉ ተናገሩ። ከፕሮግራሙ ጋር ከተጋባ ግን ለብቻው አይወጣም። በዚህ ነገር እውነት ነበራቸው፤ ዳሶልም አልካደችም። መትከሉ ይህን ምቾት እንደሚያስቀር፣ የተተከለውን ጥያቄ መልሶ በጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያም መጨመር እንደሚያስፈልግ አመነች። የሚከራከሩ ሰዎች እንዲህ ሲተማመኑ ክርክሩ ፍሬ ይሰጣል። ሁሉን ነገር እኔ አውቃለሁ ብትል ኖሮ ሽማግሌው ጫማቸውን አጥልቀው በሄዱ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ዳታቤዙን የማያውቀውን ክር ቢጠይቁት ምን ይላል? አላውቀውም ይላል?»

ሽማግሌው አሰቡ። «የለም ይላል።»

«ወራሽ ሲጠፋስ?»

«የለም ይላል።»

ማንኪያው እንደገና ፋቀ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቀና አሉ፤ ሁለቱም አልተነሱም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከወጥ ቤቱ በር ሳይነቅሉ ይነግሯት ጀመር። በልጅነታቸው፣ አሮጌው ሩዝ አልቆ ገብሱ ሳይደርስ በነበረበት የረሃብ ጸደይ፣ ከሶልጎሏ አክስት ዘንድ ነበር የከረሙት። የእሷን ሳህን ለእሳቸው ትሰጥና ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች፤ የእሷም ማንኪያ ሳህን ሲፍቅ ይሰማል። እሷም እየበላች ነው ብለው ያለ ሐፍረት ይበላሉ። አንድ ቀን በትከሻዋ በኩል አጮልቀው አዩ። ሳህኑ ውስጥ ምንም አልነበረም። ብላቴናው ባዶ ሳህን እንደምትፍቅ ሲያውቅ አልቅሶ፣ ሳድግ ሙሉ ሳህን ሩዝ አበላሻለሁ አላት። እሷም ስቃ፣ እስከ አፉ ነው ወይስ እስኪፈስ ብላ ጠየቀችው። እስኪፈስ አለ።

«‹እንግዲያው እጠብቃለሁ› አለችኝ» አሉ ሽማግሌው።

ካደጉ በኋላ ለሥራ ወደ በረሃ አገር ሄዱ፤ መንገድ ሲሠሩ ቆይተው ሲመለሱ ሞታለች። ማዕዷን ላቅርብ ቢሉ ታላቅ ወንድማቸው ከለከሏቸው፤ ጎሳው የራሷን ወራሽ ሰጥቷታል፣ ተራው የኛ አይደለም አሏቸው። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ፕሮግራሙን ሲጽፉም ወራሿን እሱ በየዓመቱ ይጠራዋል ብለው አረፉ።

ዳሶል ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። «እኔን አይመኑ። የክሮቹን ስም ከዳታቤዙ ከራሱ ወስደን ለፕሮግራሙ ቃል እናድርገው። የእርስዎን ጥያቄ አንዲት ፊደል ሳልነካ እተክለዋለሁ። ካለፈ እርስዎ ረቱኝ፤ ቹሶክ እስኪያልፍ የጎሳውን ሳህን ሁሉ አጥባለሁ።»

«ሳህን ማጠብ ትችያለሽ?»

«እንደ አዲስ ቋንቋ እማረዋለሁ።»

የሽማግሌው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ትከዪው» አሉ።

ሥራው ጉሙ መስኮቱን እስኪለቅ ወሰደ። ጥያቄዎቹ ከጥቅሳቸው እየወጡ በፕሮግራሙ ቃላት መካከል ተቀመጡ። ዳሶል ኮምፓይለሩን አስነሳች። አላለፈም። አንዲት መስመር በቀይ ተሰመረች፤ ከሥሯም «ጌጃ የሚባል ክር አላውቅም። ግየጃ ለማለት ነው?» የሚል ወጣ።

ግየጃ ማለት ልጅ ለሌለው ቤት ጎሳው መክሮ የሚሰጠው ልጅ ነው፤ ባለቤቶቹ ከሞቱም በኋላ ቢሆን ይሰጣል። በሙልጎል ሰው አፍ ግን ግየም ጌም አንድ ድምፅ ነው። በአገሩ ፊደል የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት።

«ተሳስቷል» አሉ ሽማግሌው። «ምን አልኩ? ጌጃ ነው ያልኩት። እሱም ያለው ጌጃ ነው።»

ዳሶል ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችና ጣቷን ከጭረቷ ሥር አኖረች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እንደሚናገሩት ነበር የጻፉት። ኮምፓይለሩ በጥቅሱ ምክንያት ዓይኑን ጨፍኖ አሳለፈው፤ ዳታቤዙም በዓለም ላይ የሌለ ዝምድና ተጠይቆ፣ እውነቱን ነው፣ የለም አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሴትዮዋን የጠራት የለም። ወራሿን የጠራም የለም። ሁሉም ሌላው ያበላታል ብሎ ተቀምጧል።

«አርሚው» አሉ።

አረመችው። ጥያቄው ሮጠ። በስክሪኑ ላይ አንድ ስም ወጣ።

ኦክ ሱንግሙ።

ዳሶል ስሙን ጮክ ብላ አላነበበችውም። በኋላ በሕይወት የቀሩት የጎሳው ሽማግሌዎች ሲጠየቁ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሁለተኛ ልጅ ነው፣ እሷ ዘንድም ከርሟል ብለው፣ ሱንግሙ በረሃ ሳለ ለሶልጎሏ ቤት ልጅ አድርገው ሰጡት። አባቱ በደብዳቤ ይነግረዋል አሉ። አባቱ በዚያው ዓመት ሞተ። ሽማግሌዎቹ ያውቃል ብለው ተዉት፤ ታላቅ ወንድሙም ወራሽ መሰጠቱን እንጂ ማን እንደሆነ አልሰማም ነበር። ቆይቶም የጎሳው ወጣቶች ዝምድናውን ከጎሳው መዝገብ ወደ ዳታቤዙ ሲያስገቡ፣ ያቺን ክር ከሺህ ክሮች ጋር አስገቧት።

ወጥ ቤቱ ዝም አለ። ሽማግሌው «ሌሎቹንም አውጪልኝ» አሉ። «በጥቅስ ውስጥ አንድም አይቅር።»

«እንቢታው ይበዛብዎታል።»

«ይብዛ።»

በቀሩት ቀናት ዳሶል እያሳየች፣ ሽማግሌው በራሳቸው እጅ እየጻፉ፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ ተከሉ። ኮምፓይለሩ ሌላም መስመር ከለከለ፤ በዚያ መስመር ስሕተት ምክንያት አንዲት የሩቅ ቅርንጫፍ ምራት ተረስታ ኖራለች፤ ልጇ ሲነገረው ስልኩን ይዞ አለቀሰ። ከእንግዲህ አንድ ሰው የክርን ስም ቢሳሳት ስሕተቱ ከጠረጴዛው አያልፍም። የዳታቤዙ ክር ቢለወጥ፣ የትኛው ጥያቄ እንደተነካ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ይናገራል። ሰው ከደጅ የሚያስገባው ስም ከጥያቄው ጋር ስለማይለጠፍ ጥያቄውን ሊያዛባው አይችልም። ሽማግሌው ይህን ለጎሳው ጉባኤ ሲያስረዱ አንዱ፣ ድሮስ ይሠራ አልነበረም ወይ አላቸው። «ይሠራ ነበር» አሉ። «የሚፈራው እሱ ነው። ቢሰበር ኖሮ እናየው ነበር።»

ማረጋገጫው ወጣ። የቹሶክ ዋዜማ ዕለት ዝናቡ ቆመ። ሽማግሌው ሸራውን ገልጠው የመጀመሪያውን አፈር በእጃቸው አነሱ። አጥንቷ ትንሽ ነበር። ከፍ ባለው ደረቅ ቦታ አሳረፏት፤ በድንጋዩም ላይ ስሟን አስቀረጹ።

በበዓሉ ጠዋት ማዕዱ ቀረበ። የደረቀ ዓሣ፣ የጎደሬ ሾርባ፣ የተላጠ የዛፍ ለውዝ፣ ከሩቅ የመጣ ተምር የሚመስል ጣፋጭ ፍሬ። ከሁሉ ፊት የናስ ሳህን። ሽማግሌው ሩዙን ራሳቸው ጨለፉ፤ ከአፉ አልፎ ክምር ሠራ፤ ጥቂትም በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ዳሶል ልትጠርገው እጇን ስትዘረጋ «ተዪው» አሏት። ማንኪያውን በሩዙ መካከል ቀጥ አድርገው ተከሉ። ሰገዱ። ሲሰግዱም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «እናቴ» አሏት።

ሟች በሰው ፊት አይበላምና፣ እንደ ሥርዓቱ ወጥተው በሩን ዘጉ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ።

ከውስጥ የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ባዶ ሳህን የሚፍቅ ማንኪያ ድምፁን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ይህ እሱ አልነበረም። ሩዝ ውስጥ የሚገባ ማንኪያ ነበር።

ዳሶል ትንሹን አያቷን አየቻቸው፤ አልጠየቀችም።

«አለ» አሉ ሽማግሌው።